የሰልፍ ኮንሰፕት (ሰው ስለራሱ የያዘው አመለካከት) መለኪያ ምንድን ነው?

ቴሌግራም ላይ «በራስ መተማመንህን በ10 ጥያቄ እወቅ» የሚል ነገር ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ጥያቄዎቹን ትመልሳላችሁ፣ አንድ ቁጥር ይወጣላችኋል፣ ከሥሩ «ዝቅተኛ» ወይም «ጥሩ» ይላችኋል። የብዙዎቹ ዘር ሲቆጠር የሚደርሰው ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ጋ ነው። ሰውየው በ1965 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በኒውዮርክ ስቴት 10 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያጠናበትን ሥራ አሳተመ። ባለ 10 ዓረፍተ ነገሩን መለኪያ ዓለም ያወቀው በዚህ ሥራ ነው። አምስቱ ስለራስ ደግ ደጉን ያወራሉ፣ አምስቱ ክፉ ክፉውን። ተማሪው «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት አራት ምርጫዎች አንዱን ይመርጣል።

አጭር ነው፣ ለመጠቀም ቀላል ነው፣ እስከ ዛሬም በብዛት ይሠራበታል። ግን የሚለካው ለራስ የሚሰጥን ጥቅል ግምት ብቻ ነው፤ ባጭሩ «ራሴን ስመዝነው ደህና ሰው ነኝ ወይ?» የሚለውን። ሰልፍ ኮንሰፕት ከዚህ ይሰፋል። አንድ ልጅ ስለራሱ የያዘው አመለካከት በሙሉ ነው። ሒሳብ ላይ እንዴት እንደሆነ፣ መልኩ፣ ጸባዩ፣ ጓደኞቹ ዘንድ ያለው ቦታ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ያለው ችሎታ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ መጫን ደግሞ ልጁን አለማየት ነው።

በ1976 ተመራማሪው ሪቻርድ ሻቭልሰንና ሁለት ባልደረቦቹ ሰልፍ ኮንሰፕትን በደረጃ ከፋፈሉት። ከላይ ጥቅሉ አመለካከት አለ። ከሥሩ የትምህርቱና ከትምህርት ውጪ ያለው። ከእነሱ ሥር ደግሞ ሒሳቡ፣ ቋንቋው፣ እኩዮች፣ ሰውነት እያለ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ መለኪያዎች በዘርፍ በዘርፍ መጠየቅ ያዙ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ አውስትራሊያ ሳለ ለታዳጊዎች ያዘጋጀው መጠይቅ 102 ጥያቄዎችና 11 ዘርፎች አሉት።

እኔ በጣም ብልጥ ሆኖ ያገኘሁት ግን የዴንቨር ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ሃርተር በ1988 ለታዳጊዎች ያወጣችውን ነው። ልጅን «ጓደኛ የለኝም፤ አዎ ወይስ አይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አዎ ማለት ያፍራል። ሃርተር ይህን ያለፈችው ጥያቄውን ለሁለት ከፍላ ነው። ወረቀቱ መሃል ላይ ሁለት ዓይነት ልጆች ይቀመጣሉ። ከራሴ ፈጥሬ ላሳያችሁ፦ በግራ በኩል «አንዳንድ ልጆች ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ መመለስ አይከብዳቸውም»፣ በቀኝ በኩል «ሌሎች ልጆች ግን መልሱን እያወቁትም ዝም ይላሉ»። ልጁ መጀመሪያ የትኞቹን እንደሚመስል ይወስናል። ከዚያ በመረጠው ጎን ካሉት ሁለት ሳጥኖች አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፦ «ለእኔ በጣም እውነት ነው» ወይም «ለእኔ በመጠኑ እውነት ነው»። በአንድ ጥያቄ አንድ ምልክት፣ አለቀ። ልጆች መጀመሪያ ላይ በሁለቱም ጎን ምልክት ማድረግ ስለሚቀናቸው ፈታኙ አንድ መለማመጃ አብሯቸው ይሠራል።

ዘዴው ምኑ ላይ ነው? በሁለቱም በኩል ልጆች መኖራቸው ላይ። ዝም የሚለውም ልጅ ቢጤ አለው። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አይሳቀቅም።

ጥያቄዎቹ በጠቅላላው 45 ናቸው። ለ9 ዘርፎች አምስት አምስት ይደርሳቸዋል፦ ትምህርት፣ በእኩዮች ዘንድ መወደድ፣ ስፖርት፣ መልክ፣ ሥራ መቻል፣ በፍቅር መፈለግ፣ ጸባይ፣ የልብ ጓደኛ፣ በመጨረሻም ጥቅል ግምት። እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይይዛል፣ የየዘርፉ አማካይ ይወሰዳል። ጥቅል ግምቱ የስምንቱ ድምር እንዳይመስላችሁ። የራሱ አምስት ጥያቄዎች አሉት፣ ለብቻው ነው የሚለካው።

እንበልና አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት 3.6፣ በልብ ጓደኛ 3.4፣ በመልክ 1.8፣ በስፖርት 1.6 አገኘች። የትኛው ነው የሚያሳስበው? ዝቅተኛውን አይቶ ስፖርት ማለት ይቀላል። ግን ሃርተር ሌላም ወረቀት አላት፤ እያንዳንዱ ዘርፍ ለልጅቷ ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ የሚጠይቅ። ስፖርት ደንታም የማይሰጣት ከሆነ 1.6 አይጎዳትም። መልክ ግን ሁሉ ነገሯ ከሆነ 1.8 ከባድ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ነው። ጄምስ በ1890 ለራስ የሚሰጥ ግምት ማለት የተሳካልን ነገር ለተመኘነው ሲካፈል ነው ብሎ ጽፏል። ምሳሌው ራሱ ነበር። በሥነ ልቦና የሚበልጠው ሰው ካለ ያንገበግበዋል፤ ግሪክኛ አለማወቁ ግን ቅንጣት አያስጨንቀውም።

ሃርተር ባደረገቻቸው ጥናቶች ከጥቅል ግምት ጋር ከሁሉም ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ዘርፍ መልክ ነው። ከትምህርት በላይ ማለት ነው። እኛ ወላጆች ማትሪክ ማትሪክ ስንል ልጁ መስታወት ፊት ቆሟል።

ቁጥሩን ስናነብ ሁሌም መጠየቅ ያለብን ሌላ ነገር አለ፦ ልጁ ራሱን የለካው ከማን ጋር ነው? ማርሽ በ1986 ያወጣው ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የሒሳብና የቋንቋ ውጤት አብሮ ይሄዳል፤ በአንዱ የጎበዘ ልጅ በሌላውም ደህና ነው። ልጆቹ ስለሁለቱ ያላቸው አመለካከት ግን እርስ በርሱ አይገናኝም ማለት ይቻላል። ለምን? ልጁ ራሱን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን አንዱን ትምህርቱን ከሌላው ትምህርቱ ጋርም ስለሚያወዳድር ነው። እንግሊዝኛ 95፣ ሒሳብ 85 ያመጣ ልጅ «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም» ሊላችሁ ይችላል። 85ቱ ክፍሉን በሙሉ ቢያስከነዳም።

ማርሽ «ትልቅ ዓሣ በትንሽ ኩሬ» ብሎ የሰየመው ነገርም አለ። እኩል ችሎታ ያላቸው ሁለት ልጆች አንዱ ጎበዞች ብቻ የተሰበሰቡበት፣ ሌላው ተራ ትምህርት ቤት ቢገቡ፣ ስለትምህርት ችሎታው ዝቅ ያለ አመለካከት የሚይዘው ጎበዞቹ መሃል ያለው ነው። በ2003 በወጣ ጥናት ይኸው ነገር በ26 ሀገሮች፣ ከ100 ሺህ በላይ የ15 ዓመት ልጆች ላይ ታይቷል። ከወረዳው አንደኛ ሆኖ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ «ደነዝኩ መሰለኝ» ቢላችሁ አትደንግጡ። ኩሬው ነው የተቀየረው።

ጉርምስና ራሱ ደግሞ መለካትን ያስቸግራል። ሃርተርና አን ሞንሱር በ1992 የ7ኛ፣ የ9ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከወላጅ ጋር፣ ከጓደኛ ጋር፣ ክፍል ውስጥና ከፍቅረኛ ጋር ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ ጠየቋቸው። ቤት ውስጥ ኩርፍርፍ፣ ጓደኞቹ ጋ ተጫዋች የሆነው ልጅ «ታዲያ እውነተኛው እኔ የትኛው ነው?» እያለ ሲጨነቅ ይገኛል። ጭንቀቱ ከፍ ብሎ የታየው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ነው። የ7ኛዎቹ ግጭቱን ብዙም አያስተውሉትም፤ የ11ኛዎቹ ለምደውታል። ስለዚህ በ14 ዓመቱ የተገኘን ቁጥር የልጁ ዕጣ ፈንታ አድርጎ መያዝ አያዋጣም።

ልጆች ይዋሻሉ ወይ? አንዳንዴ ያሳምራሉ። ዊልያም ፊትስ በ1960ዎቹ ባዘጋጀው ባለ 100 ጥያቄ የቴኔሲ የሰልፍ ኮንሰፕት መለኪያ ውስጥ ለዚሁ ብለው የገቡ 10 ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ማንም ሰው የማያጣቸው ትንንሽ ድክመቶች ናቸው። እነሱንም «እኔ ጋ የሉም» ያለ ልጅ ሌላውንም መልሱን በጥርጣሬ ያስነብባል። ወረቀቱን የሚሰበስበው የክፍሉ አስተማሪ ከሆነና ስም ከተጻፈበት ደግሞ ማሳመሩ ይብሳል።

እኛ ሀገርም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 3 ሺህ ያህል ልጆችን ሲከታተል የኖረው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ስለራሳቸው ያላቸውንም አመለካከት ጠይቋቸዋል። ችግሩ መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለሱ ላይ ነው። የሮዘንበርግ መለኪያ በ53 ሀገሮች ሲነጻጸር (ጥናቱ የወጣው በ2005 ነው) በአሉታ የተጻፉት ጥያቄዎች ከባህል ባህል በተለያየ መንገድ እንደሚተረጎሙ ታይቷል። «ጓደኛ ማፍራት አልችልም» ለሚል ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» የሚል መልስ መስጠት ለትልቅ ሰውም ለአፍታ ቆም ያሰኛል። «እኔ ጎበዝ ነኝ» የሚለው ላይ «በጣም እስማማለሁ» ማለትን ደግሞ ጉራ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ በቀላሉ አይደፍረውም። ለራሱ ያለው ግምት ዝቅ ብሎ ሳይሆን ጨዋ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዱ ይተረጉማል። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል። ከዚያ ጥቂት ልጆችን ይዞ ቁጭ ብሎ «ይሄ ምን ለማለት ይመስልሻል?» እያሉ ጥያቄ በጥያቄ መሄድ ነው። የሃርተርን «ሥራ መቻል» የሚለውን ዘርፍ ውሰዱ። የተጻፈው ከትምህርት ሰዓት ውጪ በደሞዝ የሚሠራን አሜሪካዊ ታዳጊ አስቦ ነው። ከብት ስታግድ ለዋለች ወይም እናቷን ጉልት ላይ ለምታግዝ ልጅ ያንን ዘርፍ መተርጎም አይበቃም፤ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት።