ኤፍሲአርኤን ምንድን ነው?

«አንቲቦዲ ወረደ ማለት ሰውነት ማምረት አቆመ ማለት ነው።» በሽታ ስለሚከላከለው ፕሮቲን፣ ስለ አንቲቦዲ፣ የሚባለውን ይህን አባባል ስንቴ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ሰሞኑን አንዱ በልበ ሙሉነት ሲያስተምረው ስሰማ ግን አላስቻለኝም። ወንድሜ፣ ምርቱን ብቻ ቆጥረህ የሚወገደውን የት ጣልከው?

ደም ስሮቻችንን ከውስጥ የሸፈኑት ሴሎች ከደሙ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይጎነጫሉ። አብረው የገቡት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ እዚያው ይፈጫሉ። አይጂጂ የተባለውን አንቲቦዲ ግን ኤፍሲአርኤን የሚባል ተቀባይ በሴሉ ውስጥ ባለች አሲዳማ ከረጢት ያዝ ያደርገዋል። ከረጢቷ ወደ ደሙ ስትከፈት አሲድነቱ ይጠፋል፤ ያኔ ይለቀዋል። አይጂጂ በግማሽ ለመቀነስ 3 ሳምንት ገደማ የሚወስድበት በዚህ ምክንያት ነው። ተቀባዩ የማይዘው ሌላው አንቲቦዲ፣ አይጂኤም፣ 5 ቀን ገደማ ይበቃዋል። (ከአይጂጂ ዓይነቶች አንዱ የሆነው አይጂጂ3 ለየት ይላል፤ 1 ሳምንት ገደማ ነው።)

እዚህ ጅማ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አስቡ። ረከቦቷ ላይ ያለው ሲኒ ከገበያ በገዛችው ብቻ አይለካም። የተጠጣበትን ሰብስባ፣ አጥባ ትመልሰዋለች። ደንበኛ ሲበዛ እጇ አይበቃም፤ ያልደረሰችበት ይሰበራል። ኤፍሲአርኤንም ቁጥሩ ውስን ነው። አይጂጂ በብዛት በደም ስር ሲሰጥ ተቀባዩ ይሞላል፤ ቦታ ያጣው፣ የታካሚው የራሱም ጭምር፣ ይፈጫል። ሴትየዋ ማን ጠጣበት ብላ ሲኒ አትመርጥም። ተቀባዩም የገዛ ጡንቻችንን የሚያዳክመውን አንቲቦዲ ሳይቀር ይመልሳል።

ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው በሽታ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ኤፍጋርቲጊሞድ የተባለ መድኃኒት ይህን ተቀባይ ይዘጋል። ምርቱን አይነካም፤ አይጂጂ ግን ይወርዳል። ለዚያ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ላምጣለት?

ደም ስር ብቻውን ይሠራዋል አላልኩም፤ ማክሮፋጅ የተባለው ባዕድ ነገር የሚውጥ ሴልም ድርሻ አለው። ኩላሊቱ ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው ደግሞ አይጂጂውን በሽንት ያጣል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

የላቦራቶሪ ሰው ነኝና ይህን ሳልል አላልፍም። ይኸው ተቀባይ የእናትን አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሱ ያሻግራል። ከ18 ወር በታች ያለ ህፃን በኤችአይቪ አንቲቦዲ ምርመራ ፖዘቲቭ ቢወጣ አንቲቦዲው የእናቱ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ሳይሠራ ለእናትየው «ልጅሽ ተይዟል» አትበሏት።