የጃቫ ላይብረሪዎችን ወደ አንድሮይድ ማዛወር እና የቢልድ ስህተቶቹ

የጃቫ ላይብረሪን ወደ አንድሮይድ ማዛወር፣ በሙያው አነጋገር ፖርት ማድረግ፣ ለሰርቨር ወይም ለዴስክቶፕ የተሠራ ኮድ ስልክ ላይ እንዲሠራ የማዘጋጀት ሥራ ነው። አንድሮይድ ከጃቫ የወሰደው ቋንቋውንና የመደበኛ ላይብረሪውን አንድ ክፍል ነው፤ የቀረውን ትቶታል። የጃቫ ኮምፓይለር የሚያወጣው የክላስ ፋይልም እንዳለ ወደ ስልኩ አይሄድም፤ በቢልዱ (ኮዱ ወደ አፕ በሚቀናበርበት ሂደት) ወቅት አንድሮይድ ወደሚያስኬደው ወደ ዴክስ ባይትኮድ ይለወጣል። የሚያጋጥሙት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት ከነዚህ ከሁለቱ ነው፦ መድረኩ ላይ ከሌለው ነገር፣ ወይም ከለውጡ ሂደት።

የአንድሮይድ ቢልድን የሚያካሂደው መሣሪያ ግሬድል ሲወድቅ የወደቀውን ታስክ (የሥራ ደረጃ) ስም ያትማል። ብዙ ሰው ከሥሩ ወዳለው ረጅም ዝርዝር ሲቸኩል ይህን መስመር ይዘለዋል፤ ግማሹ መልስ ግን እዚያ ነው። ስሙ ውስጥ «ኮምፓይል» ካለ የጃቫ ኮምፓይለሩ ምንጭ ኮዱን አልተቀበለም ማለት ነው። «ዱፕሊኬት ክላስስ» ካለ አንድ ክላስ ከሁለት ቦታ መጥቷል። «ዴክስ ቢልደር» ወይም «መርጅ ዴክስ» ወደ ዴክስ የመለወጡን ሥራ ያመለክታል፤ «መርጅ ጃቫ ሪሶርስ» በጃሮቹ (ላይብረሪዎቹ በታሸጉባቸው ፋይሎች) ውስጥ ያሉ ክላስ ያልሆኑ ፋይሎችን፤ «ሚኒፋይ» ደግሞ ኮዱን የሚያሳንሰውን አር8ን። ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚወድቅ ቢልድ ብዙውን ጊዜ ዲፔንደንሲውን፣ ማለትም ኮዱ የሚፈልገውን ሌላ ላይብረሪ፣ ማግኘት ያልቻለ ነው። ጄሴንተር የተባለው ማከማቻ መዘጋቱ በ2021 ከተነገረ ወዲህ የቆዩ ፕሮጀክቶች እዚህ ላይ ይቆማሉ። በግሬድል 7.0 «ኮምፓይል» የሚለው የዲፔንደንሲ ማስገቢያ ስለተወገደም የድሮ ስክሪፕት «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» እያለ ይወድቃል፤ በ«ኢምፕሊመንቴሽን» ወይም በ«ኤፒአይ» መተካት ይበቃዋል።

ከዲኤክስ እስከ ዲ8

(እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድሮይድ 1.0 በ2008 ሲወጣ ኮዱን የሚያስኬደው ዳልቪክ የተባለው ቨርቹዋል ማሽን ነበር። የጃቫው ማሽን በስታክ ሲሠራ ዳልቪክ በሬጅስተር ይሠራል፤ ስለዚህ ዲኤክስ የተባለ መሣሪያ የክላስ ፋይሎቹን ሁሉ ለውጦ በአንድ ዴክስ ፋይል ያጠቃልላቸው ነበር። በ2014 በአንድሮይድ 5.0 ዳልቪክ ኤአርቲ ለተባለው አዲስ ማስኬጃ ቦታውን ለቀቀ፤ የዴክስ ፎርማት ግን ቀጠለ።

መደበኛው ላይብረሪ በመጀመሪያ የተወሰደው አፓቺ ሃርመኒ ከተባለው ክፍት ምንጭ የጃቫ ፕሮጀክት ነበር። ሃርመኒ በ2011 ተዘጋ፤ አንድሮይድም በ2016 በስሪት 7.0 ወደ ኦፕንጄዲኬ ተሻገረ። ለዚህ ሽግግር ምክንያቱ ኦራክል በ2010 በጉግል ላይ የመሠረተው ክስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ጉግል በበኩሉ ለገንቢዎች የጋራ የኮድ መሠረት መፍጠርን ጠቅሷል። ክሱ በ2021 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለጉግል ተፈርዷል። ላይብረሪ ለሚያዛውር ሰው የቀረው ውጤት ግልጽ ነው፦ ከ7.0 በታች ያሉ ስልኮች የያዙት የሃርመኒ ልጅ ነው፤ አንዳንድ ሜተድም እዚያ የለም፣ ወይም ጠባዩ ይለያል።

የጃቫ 8ን የቋንቋ ባሕርያት ለማምጣት የተሞከረው ጃክ የተባለ ኮምፓይለር በ2017 ተተወ። በ2018 ዲ8 የዲኤክስን ቦታ ያዘ፣ በ2019 ደግሞ አር8 የቀድሞውን ኮድ አሳናሽ የፕሮጋርድን። ዲ8 ከዲኤክስ ይልቅ ፈጣን ነው፤ የስህተት መልእክቶቹም ሰው የሚያነባቸው ናቸው፣ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

የክላስ ፋይል ስሪት

እያንዳንዱ የክላስ ፋይል በራስጌው ላይ የስሪት ቁጥር አለው፦ ጃቫ 6 ማለት 50፣ ጃቫ 7 ማለት 51፣ ጃቫ 8 ማለት 52፣ ጃቫ 11 ማለት 55፣ ጃቫ 17 ማለት 61፣ ጃቫ 21 ማለት 65። የድሮው ዲኤክስ ያልለመደው ስሪት ሲገጥመው ቁጥሩን በሄክሳዴሲማል ስለሚያትም ብዙዎችን ግራ ያጋባ ነበር። «0034» የሚለው 52 ነው፤ ጃሩ በጃቫ 8 ተሠርቷል ማለት ነው።

ዛሬ የሚታየው «የማይደገፍ ሜጀር ቨርዥን 61» የሚለው መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ከላይብረሪው ጋር ግንኙነት የለውም። ግሬድሉ ከሚያውቀው ጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ መሣሪያዎች ስብስብ) በላይ በሆነ ጄዲኬ ላይ ሲነሳ የራሱን የተተረጎመ ስክሪፕት ማንበብ ያቅተዋል። መፍትሔው ግሬድልን ማሳደግ ወይም ጄዲኬውን ማውረድ ነው። በጃቫ 17 ለመሥራት ግሬድል ቢያንስ 7.3 መሆን አለበት፤ የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን 8.0 ደግሞ ያለ ጄዲኬ 17 አይነሳም። ሌላው የዚህ ዓይነት መልእክት ምንጭ የቆዩ ላይብረሪዎችን ወደ አንድሮይድኤክስ (አዲሶቹ የአንድሮይድ ድጋፍ ላይብረሪዎች) የሚያስማማው ጄቲፋየር ነው። አንዳንድ ጃሮች በ«ሜታ-ኢንፍ» ሥር በ«ቨርዥንስ» ፎልደር ለአዳዲስ ጃቫዎች የተዘጋጁ ክላሶችን ይይዛሉ፤ ጄቲፋየር እነሱንም ሊለውጥ ሲሞክር ይወድቃል። የምስጠራ ላይብረሪው የባውንሲ ካስል 1.68 ጃር በዚህ ይታወቃል። ጃሩን በጄቲፋየር የማግለያ ዝርዝር ማስገባት ይፈታዋል። ሁሉም ዲፔንደንሲ ወደ አንድሮይድኤክስ ከተሻገረ ደግሞ ጄቲፋየርን ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል፤ ቢልዱም ይፈጥናል።

ላይብረሪውን ከምንጩ እንደገና የሚሠራ ሰው «ሶርስ» እና «ታርጌት» የሚሉትን ሁለት አማራጮች 8 ቢያደርግ አይበቃውም። እነዚህ የሚወስኑት የቋንቋውንና የባይትኮዱን ስሪት ነው፤ ኮምፓይለሩ የሚያየው መደበኛ ላይብረሪ ግን የጄዲኬው ሆኖ ይቀራል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ባይትበፈር የተባለው የባይት ማከማቻ ክላስ ነው። በጄዲኬ 9 «ፍሊፕ» የሚለው ሜተድ ባይትበፈርን ራሱን እንዲመልስ ተደርጎ እንደገና ታወጀ፤ ቀድሞ የሚመልሰው በፈርን ነበር። በአዲሱ ጄዲኬ የተሠራ ጃር አዲሱን ፊርማ ይጠራል፣ አሮጌው ስልክ ላይ ሲደርስ «እንዲህ ያለ ሜተድ የለም» ብሎ ይወድቃል። በጄዲኬ 8 ላይ የኮንከረንት ሃሽማፕ «ኪሴት» ያመጣው ችግርም ከዚሁ ዓይነት ነው። ከጄዲኬ 9 ጀምሮ ያለው «ሪሊዝ 8» የሚለው አማራጭ ቋንቋውን፣ ባይትኮዱንና መደበኛ ላይብረሪውን አብሮ ስለሚወስን ይህን ይዘጋል። ጄዲኬውን መቀየር በማይቻልበት ጊዜ ተለዋዋጩን ወደ በፈር ካስት አድርጎ መጥራት ይሠራል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በቅርቡም ተመልሷል፦ ከኤስዲኬ 35 (የአንድሮይድ 15 መሥሪያ) ጋር የተሠራ በኮትሊን ቋንቋ የተጻፈ ኮድ በሊስት ላይ «ሪሙቭ ፈርስት» ሲጠራ ከኮትሊን ላይብረሪ ይልቅ ከመድረኩ አዲስ ሜተድ ጋር ይያያዛል፣ በአንድሮይድ 14 እና ከዚያ በታችም ይወድቃል። «ሪሙቭ አት 0» ብሎ መጻፍ ያድናል።

በአንድሮይድ ላይ የሌሉ ፓኬጆች

የዴስክቶፕ መስኮት ላይብረሪዎቹ ኤደብሊውቲ እና ስዊንግ፣ ጃቫኤክስ ኔሚንግ፣ አርኤምአይ፣ ጃቫኤክስ ማኔጅመንት፣ ኢሜጅ አይኦ፣ የኤክስኤምኤል ባይንዲንግ እና ስታክስ የሚባለው የኤክስኤምኤል ማንበቢያ አንድሮይድ ላይ የሉም። ከጃቫ ቢንስ የቀሩት የፕሮፐርቲ ለውጥ ማሳወቂያ ክላሶች ብቻ ናቸው። ጃቫ ታይም እና የኤንአይኦ ፋይል ፓኬጅ የገቡት በኤፒአይ ደረጃ 26 (አንድሮይድ 8.0) ነው፤ ስትሪም በኤፒአይ 24 (አንድሮይድ 7.0)።

እዚህ ላይ ቢልዱ ያታልላል። ተሠርቶ ያለቀ ጃር በጃቫ ኮምፓይለር በኩል ስለማያልፍ በውስጡ ያለው የኤደብሊውቲ ጥሪ ያኔ አይታይም፤ ዲ8ም በዝምታ ያሳልፈዋል። ዲበግ (የሙከራ) ቢልዱ ይሳካል፣ ሪሊዙ (ለተጠቃሚ የሚወጣው) ግን አር8 ላይ ይወድቃል፤ አር8 ካልበራ ደግሞ ጉዳዩ የሚታወቀው ተጠቃሚው እጅ ላይ አፑ ሲዘጋ ነው። ከፕለጊን 7.0 ጀምሮ አር8 የጎደለ ክላስ ሲያገኝ ማስጠንቀቅ ትቶ ቢልዱን ያቆማል፣ «ሚሲንግ ሩልስ» የተባለ ፋይልም በማፒንግ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጣል። በፋይሉ ያሉትን ስህተቱን ዝም የሚያሰኙ «ዶንትዋርን» መስመሮች እንዳሉ ገልብጦ መለጠፍ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ያከራክራል። መንገዱ ኮዱ የጎደለውን ክላስ በእርግጥ ይደርስበት እንደሆነ ማየት ነው፦ ላይብረሪው ክላሱን የሚጠራው በማይነካ ቅርንጫፍ ከሆነ ዝም ማሰኘቱ አይጎዳም፤ በዋናው መንገድ ላይ ከሆነ ግን ስህተቱን ከቢልድ ወደ ስልኩ ማዛወር ነው።

አንዳንዶች የጎደለውን የጃቫ ወይም የጃቫኤክስ ክላስ ከሌላ ጃር አምጥተው ይጨምራሉ። ዲኤክስ ይህን በረጅም ተግሣጽ ይከለክለው ነበር፤ ተግሣጹን የሚያጠፋ አማራጭ ቢኖርም ለሥርዓቱ ላይብረሪ የታሰበ ነው። «ጃቫ» በሚለው ስም የሚጀምር ፓኬጅ ያለው ክላስ ከአፕ ላይ አይጫንም። ሥራውን የሚሠራው ጃርጃር ወይም የግሬድል ሻዶው ፕለጊን ነው፤ ፓኬጁን ወደ ሌላ ስም ያዛውሩታል፣ ጥሪዎቹንም አብረው ይለውጣሉ።

ለጃቫ ታይምና ለስትሪም ከፕለጊን 4.0 ጀምሮ የኮር ላይብረሪ ዲሹገሪንግ፣ ማለትም አሮጌ ስልክ የሌሉትን ክላሶች አፑ ውስጥ የሚጨምር ሂደት፣ አለ። አማራጩን ማብራትና የዲሹገር ጄዲኬ ሊብስ ዲፔንደንሲን ማስገባት ያስፈልጋል፤ የኤንአይኦ ፋይሎችን የሚፈልግ «ኤንአይኦ» የተባለውን ዓይነት ይመርጣል። ላይብረሪው ይህን ካበራ የሚጠቀምበት አፕም ማብራት አለበት።

ከቋንቋው ወገን ደግሞ ዲ8 «ዲፎልት ኢንተርፌስ ሜተድ የሚደገፈው ከአንድሮይድ ኤን ጀምሮ ነው» ወይም «ኢንቮክ ከስተም የሚደገፈው ከአንድሮይድ ኦ ጀምሮ ነው» ካለ፣ ምክንያቱ የኮምፓይል አማራጮቹ ላይ ጃቫ 8 አለመታወጁ ነው፤ ሁለት መስመር ይፈታዋል። ሜተድ ሃንድልን በቀጥታ የሚጠራ ኮድ ግን ዲሹገሪንግ አያድነውም፤ ዝቅተኛውን ኤስዲኬ 26 ማድረግ ወይም ኮዱን መቀየር ግድ ነው።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ለመያዝ አኒማል ስኒፈር የተባለው ፕለጊን አለ፤ ጃሩ የሚጠራቸውን ሜተዶች ከአንድ የተወሰነ የኤፒአይ ፊርማ ጋር ያመሳክራል። ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ለላይብረሪ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ታማኝ ዘበኛ አይገኝም።

የተደገሙ ክላሶችና ፋይሎች

«ዱፕሊኬት ክላስ» የሚለው መልእክት ሁለቱንም ሞጁሎች በስም ይጠራል፤ የግሬድል የዲፔንደንሲ ዛፍ ደግሞ ማን እንዳመጣቸው ያሳያል። ከዚያ አንዱን «ኤክስክሉድ» ማድረግ ነው። በጣም የሚያጋጥመው የጉግል የጃቫ ላይብረሪ የሆነው የጉዋቫ ጉዳይ ነው፦ ሊስነብል ፊውቸር የሚለው ክላስ ጉዋቫ ውስጥም፣ ለብቻው በወጣ ትንሽ ሞጁልም አለ። የጉዋቫ ሰዎች ለዚህ ብልህ መላ አበጅተዋል፤ ስሪቱ 9999.0 የሆነ ባዶ ሞጁል አውጥተው ግሬድል ትልቁን ስሪት ሲመርጥ ድግግሞሹ እንዲጠፋ አድርገዋል። ጉዋቫ ለአንድሮይድ የተለየ ዕትም ያለው መሆኑም ሊመሰገን ይገባል፤ በስሪቱ መጨረሻ «ጄአርኢ» ያለውን ትቶ «አንድሮይድ» ያለውን መውሰድ ነው።

መድረኩ ራሱ የያዛቸው የቆዩ ክላሶች ደግሞ ቢልዱን አይሰብሩም፣ ስልኩ ላይ ግን የአፑን ቅጂ ይቀድማሉ። የአፓቺ ኮመንስ ኮዴክ አሮጌ ስሪት በዚህ ይታወቃል፦ «ኢንኮድ ሄክስ ስትሪንግ» የሚለውን ሜተድ አያውቀውም። በ«ኢንኮድ ሄክስ» የተገኘውን የካራክተር ድርድር ወደ ስትሪንግ መለወጥ ወይም ፓኬጁን በጃርጃር ማዛወር ይፈታዋል።

«መርጅ ጃቫ ሪሶርስ» ላይ የሚወድቀው በአብዛኛው «ላይሰንስ» እና «ኖቲስ» የሚባሉ ፋይሎች በብዙ ጃር ውስጥ በአንድ ስም ስላሉ ነው፤ ማግለል ጉዳት የለውም። በ«ሰርቪስስ» ፎልደር ያሉትን ግን ማግለል ወይም የመጀመሪያውን ብቻ መውሰድ አይገባም፤ ሰርቪስ ሎደር የሚያነባቸው እነሱን ስለሆነ መዋሃድ አለባቸው። ይህ ሲሳት ቢልዱ ይሳካና ላይብረሪው «አቅራቢ አልተገኘም» ይላል።

የ65,536 ወሰን

አንድ ዴክስ ፋይል ውስጥ ሜተድ የሚጠቁመው ኢንዴክስ 16 ቢት ነው፤ ስለዚህ 65,536 ሜተዶችን ብቻ መጥቀስ ይቻላል። የሚቆጠሩት የተጻፉት ብቻ ሳይሆኑ የተጠሩትም ናቸው። ዝቅተኛው ኤስዲኬ 21 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን መልቲዴክስ (ኮዱን በብዙ ዴክስ ፋይሎች ማከፋፈል) በራሱ ይሠራል፤ ዛሬ ይህን ስህተት የሚያይ ሰው ከዚያ በታች ያሉ ስልኮችን የሚደግፍ ነው።

ኔቲቭ ኮድ

ጃሩ ውስጥ ለሊኑክስ የተሠራ «ኤስኦ» ፋይል (ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመ ላይብረሪ) ካለ አንድሮይድ ላይ አይጫንም፤ እሱ የተያያዘው ከሊኑክሱ ሲ ላይብረሪ ከግሊብሲ ጋር ሲሆን የአንድሮይዱ ሲ ላይብረሪ ባዮኒክ ነው። ምንጩን በኤንዲኬ (የአንድሮይድ ኔቲቭ ኮድ መሥሪያ) ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ በተለይ ለ64 ቢት አርም። ከአንድሮይድ 15 ወዲህ 16 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽ ያላቸው መሣሪያዎች ስለሚደገፉ ሊንከሩ ላይ ትልቁ የገጽ መጠን 16384 ተብሎ መሰጠት አለበት፤ ኤንዲኬ 28 ይህን በራሱ ያደርገዋል። የተሠራው ኤፒኬ (የአፑ ጥቅል) ውስጥ ያልተጨመቁት «ኤስኦ» ፋይሎች በ16 ኪሎባይት ድንበር ላይ መቀመጣቸውን ዚፕአላይን የተባለው መሣሪያ ያረጋግጣል፤ የፋይሉን የውስጥ ክፍሎች አሰላለፍ ግን ስለማያይ እሱ በኦብጀክት ፋይል ማንበቢያ ለብቻው መታየት አለበት።