የአዲስ አበባ ስም በመርከብ ጀርባ

የኢትዮጵያን የጭነት መርከብ ከኋላዋ ብታዩዋት ሁለት ነገር ተጽፎባታል። ከላይ ስሟ፣ ከስሩ የተመዘገበችበት ወደብ። ወደቡ «አዲስ አበባ» ይላል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ! ክረምት ላይ አንዳንድ መንገዷ ለመርከብ ባይከፋም፣ ወደብ ግን የላትም።

ይሄ ስህተት አይደለም። ማንኛዋም መርከብ ባሕር ላይ ስትወጣ ዜግነት ያስፈልጋታል፤ የምዝገባ ወደብም እንደዚያው። ባሕር የሌለው አገርስ? እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ አገሮች ተሰብስበው መልሱን ሰጡ። ባሕር የሌለው አገር በግዛቱ ውስጥ አንድ ቦታ ይመርጣል፤ ያ ቦታ የመርከቦቹ የምዝገባ ወደብ ይሆናል። ስዊዘርላንድ ባዝልን መረጠች፣ ሞንጎሊያ ኡላን ባቶርን። የእኛዎቹ ላይ አዲስ አበባ ተጻፈ።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ወደ ለገሀር መውረድ ይበቃል። ዛሬ በሎጂስቲክስ ስም የሚጠራው፣ የድሮ ሰዎች ግን እስካሁን «ንግድ መርከብ» የሚሉት ድርጅት መቀመጫው እዚያው አካባቢ ነው። ከቢሮው ወጥቶ ማኪያቶ የሚጠጣ ሠራተኛ ስለ ጅቡቲ ሲያወራ ጎረቤት ሰፈር ያለ ይመስላል። ድርጅቱ በ1956 ዓ.ም ተቋቋመ፤ ሥራ የጀመረውም በሦስት መርከቦች ነው። የባሕር ሕጋችን ደግሞ ከዚያ ይቀድማል፤ በ1952 ዓ.ም ከንግድ ሕጉ ጋር በአንድ ዓመት ወጣ። በ2004 ዓ.ም ንግድ መርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት ድርጅቱና የደረቅ ወደብ ድርጅቱ ተዋሕደው አንድ ሆኑ።

የሠራ፣ ያዘዘ፣ ባንዲራ የሰቀለ

በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች መጡ። ሰባቱ ደረቅ ጭነት ጫኝ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 28,000 ቶን ይጭናሉ። ስማቸው የአገር ካርታ ነው፦ ፊንፊኔ፣ መቀሌ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ። ሁለቱ ነዳጅ ጫኝ ነበሩ፤ ሐዋሳና ባሕር ዳር ተባሉ፤ 41,500 ቶን ይጭናሉ። ደምሩት። 279,000 ቶን ይመጣል። ወጪው ከ290 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የተሠሩትም ቻይና ውስጥ ነው።

እንግዲህ እነዚህ መርከቦች የማን ናቸው? መልሱ ጠያቂው ምን ፈልጎ እንደጠየቀ ይወሰናል። ስለ መርከብ ግንባታ ምርት ለሚጽፍ ሰው የቻይና ናቸው፤ በርክክቡ ዓመት ከቻይና ምርት ጋር ተደምረዋል። ስለ መርከብ ሀብት ለሚጽፍ የኢትዮጵያ ናቸው። ስለ ንግድ ለሚጽፍ ደግሞ የቻይና ወጪ ንግድ፣ የእኛ ገቢ ዕቃ ናቸው። አንዷ መርከብ ሦስት መዝገብ ላይ ትወጣለች፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ጋዜጣ ላይ «የአገሪቱ የመርከብ ቁጥር» የሚል ርዕስ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ የሠራችው፣ ያዘዘችው ወይስ ባንዲራ የሰቀለችበት?

የእኛ ጉዳይ እንኳ ቀላል ነው፤ ባለቤቱም ባንዲራውም አንድ አገር ነው። የተወሳሰበው የሌሎቹ ነው። አንድ ግሪካዊ ባለሀብት ኮሪያ ውስጥ መርከብ ያስገነባል፤ ማርሻል ደሴቶች ላይ ያስመዘግባታል። የንግድ መዝገብ ላይ ኮሪያ ለማርሻል ደሴቶች ትልቅ መርከብ ሸጠች ተብሎ ይወጣል። የማርሻል ደሴቶች ሕዝብ ከ50,000 አይበልጥም፤ ልደታ ክፍለ ከተማ እንኳ ይበልጠዋል። ከላይቤሪያና ከፓናማ ጋር ሆና ግን ከዓለም መርከቦች የመጫን አቅም ከ40 በመቶ በላዩን በባንዲራዋ ስር ይዛለች።

ሌላም አለ። የኖርዌይ መርከብ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የመርከቡን አካል ሮማኒያ ወይም ቱርክ ያሠሩታል። ብረቱ ተበይዶ፣ ተጎትቶ ኖርዌይ ይገባል፤ ሞተሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ መኝታ ክፍሉ እዚያ ይገጠማል። ታዲያ ምርቱ የማን ይባል? ሁለቱም አገር ቢቆጥረው አንዷ መርከብ ሁለት ትሆናለች። ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ላይ ይሄ ጣጣ በተደጋጋሚ ይገጥማል።

ቶን ሁሉ ቶን አይደለም

«ቶን» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከወይን ጠጅ በርሜል ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር መርከብ የምትለካው ስንት በርሜል ትይዛለች ተብሎ ነበር፤ ጋን በጋን እንደ መቁጠር ማለት ነው። ዛሬ በመርከብ ዓለም ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቶን አለ። ሦስቱን የሚያደባልቅ ዘገባ ደግሞ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ዴድዌይት ነው። መርከቧ ከነነዳጇ፣ ከነስንቋ፣ ከነሠራተኛዋ ስንት ቶን ክብደት ትሸከማለች የሚለው ነው። ከላይ ያነሳሁት 28,000 ይሄ ነው።

ሁለተኛው ግሮስ ቶኔጅ ይባላል። ስሙ ክብደት ይመስላል እንጂ ክብደት አይደለም፤ የውስጥ ይዘት ነው። ቤት ስንት ሰው ይችላል ሳይሆን ቤቱ ምን ያህል ሰፊ ነው እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1969 በተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት ቀመር ወጣለት፤ ስምምነቱ በ1982 ሥራ ላይ ዋለ። የተዘጋው የመርከቧ ክፍል 100,000 ሜትር ኩብ ከሆነ ቁጥሩ በ0.3 ይባዛል፤ 30,000 ይሆናል። ማባዣው ራሱ እንደ መርከቧ ስፋት ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል።

ሦስተኛው የተስተካከለ ግሮስ ቶኔጅ ነው። የአገርን የግንባታ ምርት ለማወዳደር የሚያገለግለው ይሄ ነው፤ እኔም ብዙ የምቆይበት እሱ ላይ ነው።

ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔ አንድ ጋቢ ሥራ ነው። ጥለቱ የበዛ የሐበሻ ቀሚስ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጋቢው ይከብዳል፣ ክሩም ብዙ ነው። ቀሚሱ ቀለል ይላል፤ ጥለቱ ግን ዓይን ያፈዛል፣ ቀናት ይበላል። ሸማኔውን «በወር ስንት ኪሎ ሸመንክ?» ብለህ ብትለካው ጋቢ ሠሪው ሁሌም ያሸንፋል፤ ጥበበኛው ሰነፍ ይባላል። መርከብም እንዲሁ ነው። የማዕድንና የእህል ጫኝ መርከብ ግዙፍ የብረት ሣጥን ነው፤ አንድ ዓይነት ሰሌዳ እየደጋገሙ መበየድ ነው። ዓሣ አጥማጅ መርከብ ትንሽ ናት። ግን ማቀዝቀዣ፣ ዊንች፣ መረብ መጎተቻ፣ የዓሣ ማዘጋጃ፣ የሠራተኛ መኝታ፣ ሁሉም በዚያች ጠባብ ሆድ ውስጥ መጠቅጠቅ አለበት።

ስለዚህ ኦኢሲዲ የተባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት ሥራውን የሚመዝን ቀመር ያዘ፤ አሁን ያለው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ነው። የመርከቧ ግሮስ ቶኔጅ እንደ ዓይነቷ በተለያየ ቁጥር ይሰላል። ለዓሣ አጥማጅ ቶኔጁን 0.71 ኃይል ላይ ታወጡና በ24 ታባዛላችሁ። ለደረቅ ብትን ጭነት ጫኝ ኃይሉ 0.61፣ ማባዣው 29 ነው።

ካልኩሌተር አውጥቼ ሞከርኩት። 300 ግሮስ ቶን የሆነች ዓሣ አጥማጅ 1,377 ሆና ወጣች፤ ከአራት እጥፍ በላይ። 40,000 ግሮስ ቶን የሆነች ብትን ጭነት ጫኝ ደግሞ ወደ 18,600 ወረደች፤ ከግማሽ በታች። በተራ ቶን ትልቋ ከትንሿ 133 ጊዜ ትበልጣለች። በሥራ ሲለካ ግን 13 ተኩል ጊዜ ብቻ። አንድ አገር በአንዱ ዘገባ አንደኛ፣ በሌላው ሁለተኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ውሸት የተናገረ የለም።

ቡና ጠጡ

ይሄን ሁሉ ቁጥር ማን ይሰበስባል? ታሪኩ የሚጀምረው ከቡና ነው፤ ለእኛ ደስ የሚል ነገር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ላይ ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ነበረው። ካፒቴኖች፣ ነጋዴዎች፣ ዋስትና የሚገቡ ሰዎች እዚያ ይሰባሰባሉ። የትኛዋ መርከብ ደረሰች፣ የትኛዋ ሰጠመች፣ የትኛዋ አርጅታለች፤ ወሬው ሁሉ ሲኒ ላይ ነው። የእኛ ሰፈር ቡና ጠጡ ስለ ጎረቤት ትዳር እንደሚያወራው እነሱ ስለ መርከብ ያወሩ ነበር። ከዚያ ቡና ቤት ደንበኞች እ.ኤ.አ. በ1760 የመርከብ መዝጋቢው ሎይድስ ሬጅስተር ተወለደ። መዝገቡ መርከቦችን በጥራት ደረጃ ይመድብ ጀመር። በኋላም የዓለምን የመርከብ ግንባታ በየሩብ ዓመቱ እየቆጠረ አሳተመ።

ዛሬ ጋዜጦች አብዝተው የሚጠቅሱት ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ከደላላ ቤት። ክላርክሰንስ የለንደን የመርከብ ደላላ ነው፤ የምርምር ክፍሉ የዓለምን የትዕዛዝ መዝገብ ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ዋጋ ማወቅ የፈለገ ሰው ደላላ ነው የሚጠይቀው። እዚያም ያው ነው።

ሲቆጠር ደግሞ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ትዕዛዝ፣ ቀጥሎ ብረት መቁረጥ፣ ከዚያ የመርከቧን አከርካሪ መጣል፣ ውሃ ላይ ማውረድ፣ በመጨረሻ ርክክብ። «ምርት» ሲባል በአብዛኛው የሚታየው ርክክቡ ነው። ትዕዛዝ እንደ ምርት አድርጎ የሚጽፍ ዘገባ ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ ትዕዛዝ ይሰረዛል። ሌላ ብልሃትም አለ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያለቀች መርከብ ርክክቧ ወደ ጥር ይገፋል፤ ዕድሜዋ በአንድ ዓመት እንዲያንስ። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ምርቱ ቀንሶ በማግስቱ የሚዘለው በከፊል ለዚህ ነው።

ዋናዎቹ ሠሪዎች ጥቂት ናቸው። እንግሊዝ ለረጅም ዘመን አንደኛ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ጃፓን አለፈቻት። ኮሪያ ተከተለች፤ ከ2010 ገደማ ወዲህ ቻይና ቀደመች። በ2023 ከዓለም ምርት ግማሹን በላይ ቻይና ብቻዋን ሠራች፤ ከኮሪያና ከጃፓን ጋር ሆና ደግሞ 95 በመቶውን። የኛ ዘጠኝ መርከቦች ቻይና ሄደው መሠራታቸው የሚገርም አይደለም። ብድሩም ብየዳውም አንድ በር ላይ ይገኛል።

ዓሣ አጥማጆቹ የት ገቡ?

እዚህ ላይ ቁጥሩ ይሸሻል። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 4.9 ሚሊዮን ዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎችና መርከቦች ነበሩ። ሞተር ያላቸው ሁለት ሦስተኛው ናቸው። በተቃራኒው የዓለም የንግድ መርከብ መዝገብ ላይ ያሉት በ2023 መጀመሪያ 105,000 ገደማ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። መዝገቡ የሚጀምረው ከ100 ግሮስ ቶን ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለዓለም ስታቲስቲክስ የለም ማለት ይቻላል።

መታወቂያውም ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። ትልልቅ የንግድ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ባለ ሰባት አሃዝ መለያ ቁጥር የግድ አላቸው። መርከቧ ብትሸጥ፣ ስሟና ባንዲራዋ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም። ሐሰተኛ ቁጥር የሚያጋልጥ ዘዴም አለው። 9074729ን ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሃዞች በተራ በ7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 አባዙና ደምሩ፤ 139 ይመጣል። መጨረሻው 9 ነው፤ የቁጥሩም መጨረሻ 9 ነው። ገጠመ። ዓሣ አጥማጆች ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ነበሩ። ቁጥሩን መውሰድ እንዲችሉ የተከፈተላቸው በ2013 ነው። ሌብነት የሚበዛበት ዘርፍ ላይ መታወቂያ አለመኖሩ ለማን እንደሚመች አንባቢ አይጠፋውም።

ጉምሩክ ዘንድ ግን ለየብቻ ናቸው። ሁሉም አገር በሚጠቀምበት የዕቃ መለያ ሥርዓት፣ የእኛም ጉምሩክ ጭምር፣ መርከብ ምዕራፍ 89 ላይ ነው። የጭነትና የመንገደኛ መርከብ 8901፣ ዓሣ አጥማጅ 8902፣ ለመፈራረስ የምትሸጥ 8908። ዲክላራሲዮን የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ አሃዝ ከተሳሳተ ዕቃው ሌላ ነው።

እኛ አገር ከ8902 የምትገባው ጥቂት ናት። ለአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ዓሣ የሚመጣው ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከጣና ነው። ትንንሽ ጀልባ፣ መረብ፣ በረዶ የሞላ ሣጥን። ጣና ላይ ደግሞ ታንኳ አለ። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ ታስሮ ይሠራል። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በጥቂት ወራት ያረጅና ባለቤቱ ሌላ ያስራል። ብየዳ የለም፣ ርክክብ የለም፣ መለያ ቁጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለች 150 ቶን ገደማ የምትመዝን የመንገደኛ መርከብ ከጅቡቲ ተነስታ በተሳቢ ተጭና፣ ሽቦ እየተነሳላት፣ ድልድይ እየተለካላት ጣና ደረሰች። ሕዝቡ በየከተማው ወጥቶ በስልኩ ቀረጻት። አስፋልት ላይ የምትሄድ መርከብ በየቀኑ አይታይም።