ማሰሪያው ክርኑ ላይ አይታሰርም

«የቴኒስ ኤልቦ ማሰሪያ ገዛሁ፣ ሕመሙ ግን ያው ነው» የምትሉ በዝታችኋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቦታው ነው።

ቴኒስ ኤልቦ፣ ማለትም የክርን ውጪኛው ጎን ሕመም፣ ቴኒስ ነክቶ ለማያውቅም ይመጣል። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊን አስቡ። መቀሱን በጨበጠ ቁጥር የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርገው ጡንቻ ይወጠራል። የዚህ ጡንቻ ጅማት የተያያዘው ከክርን ውጪኛው አጥንት ጋር ነው፤ የሚያመውም እዚያው። ጠባቡ ማሰሪያ ግን ከሚያመው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጡንቻው ላይ ይታሰራል። ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጫና እንዲቀንስ ነው። መዳፋችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ እጃችሁን ከአንጓው ቀና አድርጉት፤ ክንዳችሁ ላይ ጉብ የሚለው ያ ጡንቻ ነው። ጣት ከደነዘዘ ማሰሪያው ጠብቋልና ላላ አድርጉት። ስትተኙ ፍቱት።

ማሰሪያው አንዱን ሰው ቶሎ ያቀልለታል፣ ሌላውን እምብዛም። ጅማቱን ግን ማሰሪያ ብቻውን አያድነውም። ሕመሙ ከወደቃችሁ በኋላ ከጀመረ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።