የመምህር «ራስን መግለጥ» ምንድን ነው?

ደሴ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገፈፈም። መምህሩ ጠመኔውን እያነሳ «አረፈድኩባችሁ፤ ልጄን ሲያተኩሳት አደረ» ይላል። ከወዲህ «እግዜር ይማርልዎት»፣ ከወዲያ «አላህ ያሽርልዎት» ይባላል። ትምህርቱም ይቀጥላል።

ራስን መግለጥ ይኸው ነው፤ መምህር ከግል ሕይወቱ ጥቂቱን በተማሪዎቹ ፊት መክፈቱ። ሲድኒ ጁራርድ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠናው ጉዳይ ነው። ልጁ የታመመችበት መምህር ቤተሰብ እንዳለው ተናገረ፤ መናገሩን ግን ራሱም ልብ አላለው።

የፆታ ዝንባሌው ወደ ራሱ ፆታ ለሆነ መምህር ግን እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር በነጻ አይገኝም። ተማሪዎች በፍቅር «መምህር፣ ድግሱን መቼ ነው የምንበላው?» ሲሉት ፈገግ ብሎ «ገና ነው» ይላል፤ ነገም ይደግመዋል። አሜሪካ ውስጥ በ1978 (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ መራጮች እንዲህ ያሉ መምህራን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲባረሩ የቀረበውን ሐሳብ በድምፅ ጣሉት፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዝንባሌው ምክንያት ሠራተኛን ማባረር ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። እዚያም ቢሆን እንዲህ ያለው የኮሌጅ መምህር ራሱን ለመግለጥ ያመነታል፤ ተማሪዎች ትምህርቱን በሌላ ዓይን እንዳያዩበት ይሰጋል፤ በሌላ በኩል እንደ እሱ ሆኖ ብቻዬን ነኝ ብሎ የሚያስብ አንድ ተማሪ ሊኖር እንደሚችልም ያስባል።

እኛ ዘንድ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን በእስራት ይቀጣል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ወሬ ግን ድርጊትና ቃል አይለይም፤ ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ለመድረስም መኪና አይጠብቅም። ስለዚህ ዝም ያለውን ውሸታም፣ ፈሪም አልለውም። እንጀራውን፣ እናቱንም እየጠበቀ ነው።

አማርኛችን ሁለቱን ቃላት ከአንድ ሥር አውጥቶ ለይቷቸዋል፦ መግለጥ የባለቤቱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው ማጋለጥ ይባላል። ተማሪ ከክፍል በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ለመምህሩ ምስጢሩን ቢነግረው፣ ያ ምስጢር «ልምከረው ብዬ ነው» በሚል ሰበብ እንኳን ወደ መምህራን ክበብ መሄድ የለበትም። ሻይ እያማሰለ «እገሌ እኮ...» ብሎ የሚጀምር ባልደረባ ሲያጋጥመኝ ብርጭቆዬን አስቀምጬ «ንገርልኝ ብሎሃል?» እለዋለሁ።