የሊኑክስ ‹ፖርት› ምንድን ነው? አሮጌ ማሽን በሕይወት የሚቆየው በማን ጉልበት ነው?

ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራ ሲስተም) ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ፋይሉን ታወርዳላችሁ፣ ፍላሽ ላይ ትጭናላችሁ፣ ኮምፒዩተሩን ታስነሳላችሁ፣ አለቀ። አዲስ ላፕቶፕ ላይ እውነትም ነገሩ ከዚህ አያልፍም። አሮጌ ማሽን ላይ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንዲህ የምትል መልእክት ብቅ ትላለች፦ ይህ ከርነል ኤክስ86-64 ሲፒዩ ይፈልጋል፤ ያገኘሁት ግን አይ686 ብቻ ነው። ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፤ መልእክቱም ‹64 ቢት ፕሮሰሰር እፈልጋለሁ፣ ይህ ግን 32 ቢት ነው› ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ብትነካኩት ንቅንቅ አይልም።

ይቺን መልእክት ያየሁት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ፣ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ማሽኑ ኢንቴል አቶም ኤን270 ያለው ትንሽዬ ላፕቶፕ ነው። ራሙ 1 ጊጋባይት ነው። ፕሮሰሰሩ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን የሚያውቀው 32 ቢት ብቻ ነው። ኪቦርዱ ላይ ግማሹ ፊደል ተፍቋል። ግን ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ ሲቪ ይሠራበታል፣ መብራት ሲሄድም ባትሪው የተጀመረውን ገጽ ያስጨርሳል። የቤቱ ባለቤት «ታዲያ ሞተ ማለት ነው?» አለችኝ። አልሞተም። የቸገረው ለእሱ የሚሆን ፖርት ማግኘት ነው።

ፖርት ማለት አንድ ዲስትሪቢዩሽን (ተሟልቶ የተዘጋጀ የሊኑክስ ዓይነት) ከነከርነሉ፣ ከነማስጫኛውና ከነፕሮግራሞቹ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ተዘጋጅቶ ሲቀርብ ነው። ፕሮሰሰር የሚገባው የራሱ ትእዛዝ ብቻ ነው። የሞባይላችሁ አርም ፕሮሰሰር የላፕቶፑን ፕሮግራም እንዳለ ቢሰጡት ምንም አይገባውም። ስለዚህ ሰው የጻፈው ሶርስ ኮድ ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር (የፕሮሰሰር ዓይነት) ለየብቻ ኮምፓይል መደረግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ትእዛዝ መቀየር አለበት።

ዴቢያን የተባለውን ዲስትሪቢዩሽን እንውሰድ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ፓኬጁን (ፕሮግራሙን የያዘውን ጥቅል) አድሶ ሶርስ ኮዱን ይልካል። ለየአርክቴክቸሩ የተመደቡ ማሽኖች ይወስዱትና እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፕሮሰሰር ላይ ኮምፓይል ያደርጉታል። እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረ ፓኬጅ ዛሬ አንዱ አርክቴክቸር ላይ እምቢ ካለ፣ አዲሱ እትም ችግሩ እስኪፈታ ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፍም። ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ፕሮሰሰር ሚሊዮኖች የሚጠብቁትን ማሻሻያ ሊያቆም ይችላል ማለት ነው። ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ፓኬጁ ለምን እምቢ ይላል? ሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ።

በሲ ቋንቋ ‹ቻር› የሚባል ትንሽ የቁጥር ዓይነት አለ። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ይይዛል። አርም ላይ ደግሞ በሊኑክስ ልማድ ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚይዘው። አሁን አንድ ፕሮግራመር ፋይል እያነበበ፣ የተነበበውን በቻር እያስቀመጠ፣ «‑1 ሲመጣ ፋይሉ አልቋልና አቁም» ብሎ ጻፈ እንበል። በእሱ ላፕቶፕ ጥሩ ይሠራል። አርም ላይ ያ ‑1 ወደ 255 ይቀየራል። ከ‑1 ጋር መቼም እኩል አይሆንም። ፕሮግራሙም ሳያቆም ይዞራል። ጥፋቱ ግን የአርም አይደለም። ኮዱ ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ነበር፤ ኢንቴል ላይ ሳይታወቅ ኖረ እንጂ።

ሁለተኛው የባይት ቅደም ተከተል ነው። ‹ሀ› በዩኒኮድ 1200 የሚል ቁጥር አላት። በሁለት ባይት ስትቀመጥ 12 እና 00 ትሆናለች። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች 00ን ያስቀድማሉ፤ የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች የሚጠቀሙት ኤስ390ኤክስ ግን 12ን ያስቀድማል። ፕሮግራሙ ይህን ካላገናዘበ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው 0012 ብሎ ያነበዋል። ያ ደግሞ ፊደል እንኳ አይደለም፤ ስክሪን ላይ የማይታይ ምልክት ነው። በዚህ አካሄድ አንድ ሙሉ የአማርኛ ሰነድ ድራሹ ይጠፋል።

ለዚህ ነው ‹ማንም የማይጠቀምበት› የሚባል ፕሮሰሰርን መንከባከብ ከንቱ ልፋት ነው ሲባል የማልስማማው። እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚያጋልጠው ብርቅ የሆነው ማሽን ነው። የሚጠቀመው ደግሞ ሁሉም ነው።

ዴቢያን ከመጀመሪያው አርክቴክቸሩ ውጭ ሁለተኛ የጨመረው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤም68ኬ ይባላል፣ የድሮዎቹ አሚጋና ማኪንቶሽ ፕሮሰሰር። በ2002 ቁጥሩ 11 ደረሰ። በ2007 ግን ኤም68ኬ ከይፋዊው ዝርዝር ወጣ። የሚገርመው ዛሬም አለ፤ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከዝርዝሩ ውጭ ይዘውት ቀጥለዋል።

የእኛን አሮጌ ላፕቶፖች የሚመለከተው የ32 ቢቱ አይ386 ነው። አርች የተባለው ዲስትሪቢዩሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ተወው። ሌላው ዲስትሪቢዩሽን ፌዶራ በ2019 እ.ኤ.አ. የ32 ቢት ከርነሉን አቆመ። ዴቢያን ብዙ ታገሠ፤ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ዴቢያን 13 ግን ለአይ386 ከርነልም ማስጫኛም የለውም። ፓኬጆቹ የቀሩት በ64 ቢት ማሽን ላይ የድሮ ፕሮግራም ለማስኬድ ነው። በዚያው እትም ሪስክ5 የተባለው አዲስ አርክቴክቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋዊ ሆነ። ስለዚህ እንደ ኮዬ ፈጬው ላለ ላፕቶፕ ሙሉ ማስጫኛ ያለው የመጨረሻው ዴቢያን 12 ነው። እኔም የጫንኩለት እሱን ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ሊኑክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ባለፉ ሰከንዶች ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት ከተያዘ ከ2,147,483,647 አያልፍም። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ሰዓቱ ወደ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ አፄ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። ዴቢያን 13 ላይ ሁሉም አርክቴክቸሮች ወደ 64 ቢት ጊዜ ተዛውረዋል፤ ለዚህ ሲባል እጅግ ብዙ ፓኬጆች እንደ አዲስ ኮምፓይል ተደርገዋል። አይ386 ብቻ ቀረ። የጊዜ አያያዙ ቢቀየር የድሮ ፕሮግራሞች አይሠሩም፤ እሱ ደግሞ የቀረው ለእነሱ ሲባል ነው።

ሌላው ፈተና ራስት የተባለው ቋንቋ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ብዙ ፕሮግራም የሚደገፍበት አንድ የፓይተን ቋንቋ ክሪፕቶግራፊ (መረጃን በምስጢር መቆለፊያ) ፓኬጅ ኮምፓይል ለመደረግ ራስትን መጠየቅ ጀመረ። ራስት ያልደረሰባቸው አርክቴክቸሮች በአንድ ጊዜ መንገዱ ተዘጋባቸው። ራስት ጥሩ ቋንቋ ነው፤ ብዙ የደኅንነት ቀዳዳ ይደፍናል። ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን በዚያ ማሽን የሚሠራ ሰው መኖሩ መታወቅ አለበት።

የእኛ ችግርም ይኸው ነው፤ መኖራችን አይታወቅም። ስንት አሮጌ ማሽን በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እየሠራ ነው፤ ስህተት ሲገጥመው ግን የሚያሳውቅለት ሰው የለም። ለማሳወቅ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። የትኛው ፓኬጅ፣ የትኛው እትም፣ የትኛው አርክቴክቸር፣ ምን መልእክት አወጣ፤ ይህን በቀላል እንግሊዝኛ መላክ በቂ ነው። አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ማስጫኛውን እውነተኛ አሮጌ ማሽን ላይ ሞክሮ ውጤቱን የሚልክ ሰውም ሁሌ ይፈለጋል። ዴቢያን ስትጭኑ ደግሞ የትኞቹን ፓኬጆች እንደምትጠቀሙ በየሳምንቱ ይላክ ወይ ተብሎ ትጠየቃላችሁ። ያ ቆጠራ የየትኛው አርክቴክቸር ተጠቃሚ ምን ያህል እንደሆነም ያሳያል። ሳትነኩት ካለፋችሁ መልሱ ‹አይ› ነው። ኢንተርኔት ካላችሁ ‹አዎ› በሉት።