ያለ መርፌ የሚነሳ የሬቲና ደም ስር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኦሲቲ የሬቲናን፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሥጋ፣ ሽፋኖች በብርሃን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ደግሞ በስኳር ሕመም፣ በደም ስር መዘጋትና በዕድሜ በሚመጣ የማኩላ (የሬቲና መሐል) ሕመም የተጎዳን ሬቲና ደም ስሮች ለማየት የሚያገለግል የዚሁ ምርመራ ዓይነት ነው። ስለ እሱ የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚነሱት ከአንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው የሚያየው እንቅስቃሴን እንጂ ደምን አይደለም።

«ቀለም ካልተወጋ ደም ስር አይታይም»

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኢንዲያና ሁለት የሕክምና ተማሪዎች፣ ኖቮትኒና አልቪስ፣ ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም ወግቶ የሬቲናን ደም ስር ፎቶ የማንሳትን ዘዴ ካሳወቁ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ይህ እውነት ነበር። በክንድ ደም ስር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 500 ሚሊግራም፣ ማለትም ከ10 በመቶው ቀለም 5 ሚሊ ሊትር ነው። ቆዳን ለጊዜው ቢጫ፣ ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፤ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ግን ያንኑ ቦታ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ደጋግሞ ያነሳል። ያልተንቀሳቀሰው ሥጋ በሁሉም ምስል ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ያለፉበት ቦታ ግን ይለያያል። ያ ልዩነት ነጭ ሆኖ ይሳላል።

«ጨረሩ ዓይን ይጎዳል»

ኤክስሬይ አይደለም። 840 ወይም 1050 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ደካማ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው።

«ጥቁር የሆነ ቦታ ሁሉ ደም አጥቷል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የማኩላ መሐል በጤነኛ ዓይንም ጥቁር ነው፤ በተፈጥሮው ደም ስር የለውም፣ ስፋቱም ከሰው ሰው ይለያያል። ደም በጣም ሲያዘግም መሣሪያው እንደ ቆመ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በስኳር ሕመም የሚፈጠሩ ጥቃቅን የደም ስር እብጠቶች በፍሎረሰይን ላይ ፈክተው እዚህ ሊጠፉ ይችላሉ። የዓይን ሞራ ወይም በዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም ብርሃኑን ሲጋርድም ጥላው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የዓይን ጥቅሻ ደግሞ ጥቁር መስመር ይተዋል። መለያው ቀላል ነው፦ የዚያኑ ቦታ ተራ የኦሲቲ ምስል ጎን ለጎን ይከፈታል። እሱም ከጠቆረ ጥላን መጠርጠር ይቀድማል።

«ነጭ የሆነ ሁሉ ደም ስር ነው»

የላይኛው ደም ስር እንቅስቃሴ ከበታቹ ባለው ሽፋን ላይ ያርፋል፤ ሌላ ደም ስር ያለ ይመስላል። በዚህ የተነሳ ብቻ በስህተት «አዲስ ደም ስር በቅሏል» ሊባል ይችላል፤ ደግነቱ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ይህን የሚቀንስ ሶፍትዌር አላቸው። አግድም የተሰመረ ደማቅ ነጭ መስመር ደግሞ ዓይኑ መንቀሳቀሱን ነው የሚናገረው። ሶፍትዌሩ የሬቲናን ሽፋኖች የለየበት መስመር በእብጠት ምክንያት ከቦታው ሲስትም ምስሉ የሌላ ሽፋን ይሆናል። መስመሩን በእጅ ሳያርሙ ማንበብ አያዋጣም።

«ፍሎረሰይን ከእንግዲህ አያስፈልግም»

ኦሲቲ አንጂዮግራፊ የደም ስርን መፍሰስ አያሳይም። የደም ስር ብግነት ሲጠረጠር፣ ወይም የሬቲና ዳርቻ መታየት ሲኖርበት ፍሎረሰይን ቦታውን አልለቀቀም። ስፋት መጨመርም ዋጋ አለው፦ የንባብ ነጥቦቹ ቁጥር ሳይጨምር ምስሉ ከ3 በ3 ወደ 6 በ6 ሚሊሜትር ሲሰፋ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ይሆናል፣ ቀጫጭኖቹ ደም ስሮችም ይደበዝዛሉ።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የደም ፍጥነት ነው»

አይደለም። ቁጥሩ የደም ስር ጥግግት ይባላል፤ የሚነግረንም ምስሉ ምን ያህሉ በሚንቀሳቀስ ደም እንደተሸፈነ ብቻ ነው። ፍጥነት ከተፈለገ ዶፕለር ኦሲቲን የመሰሉ ሌሎች ዘዴዎች አሉ። ያለፈውን ዓመት ውጤት ከዘንድሮው ለማነጻጸር መሣሪያው፣ የምስሉ ስፋትና የሽፋኑ ዓይነት አንድ መሆን አለበት፤ የምልክት ጥንካሬውም መቀራረብ አለበት። ሞራው የጨመረ ዓይን ሕመሙ ሳይብስበት እንኳ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል።

«ብሌን ሳይሰፋ አይሠራም»

ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ብሌኑ ጠባብ ወይም ሞራ ያለበት ሰው ግን ማስፊያ ጠብታ ይጠቅመዋል። ዓይኑ የደረቀ ሰው ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ አድርጎ ጥቂት ጊዜ ማርገብገብ፣ ከዚያ አገጩንና ግንባሩን በደንብ አስደግፎ በመሣሪያው ውስጥ የሚታየውን ምልክት ማየት ነው ያለበት። ንባቡ የሚወስደው ጥቂት ሰከንዶች ነው።

«ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ዓይኑ ጤነኛ ነው»

የማኩላ ምስል የሬቲናን ዳርቻ አያካትትም። በድንገት የብርሃን ብልጭታ፣ የጥቁር ነጠብጣብ ብዛት ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ የታየው ሰው፣ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ በዚያኑ ቀን ብሌኑ ሰፍቶ እስከ ዳርቻው መመርመር አለበት።